የልጆቹ መዝገብ የት ነው? በቤተ ክርስቲያን ስለሚተዳደሩ ማሳደጊያዎች ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጽሑፍ ሰጥታኝ «አንብበውና የሚሰማህን ንገረኝ» አለችኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ በአውሮፓ፣ ከሁሉም በላይ በአየርላንድ፣ በቤተ ክርስቲያን ሥር ስለነበሩ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ወላጅ አልባን በማሳደጊያ ማሳደግ ከሐዋርያት የወረስነው ሥርዓት ነው፤ ደረሰ የተባለው በደል የጥቂት ብልሹ ሰዎች ሥራ ነው፤ ዘመኑም እንደዚያ ነበር፣ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን ባትኖር ኖሮ ልጆቹ ያልቁ ነበር፤ ከሳሾቹ የእምነት ጠላቶች ናቸው፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የሰው አገር ያለፈ ታሪክ መቆፈር ምንም አይጠቅመንም።

መልስ የምጽፈው ቤተ ክርስቲያንን ለማሳጣት አይደለም። ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ነው። ዘጠኝ ዓመትም ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድረው አንድ ማሳደጊያ በሶሻል ወርከርነት ሠርቻለሁ። ትኩሳት ያለበትን ሕፃን አዝለው እስኪነጋ ድረስ በረንዳ ላይ የሚመላለሱ ሞግዚቶችን አውቃለሁ። ደመወዛቸው ሳይከፈላቸው ሁለት ወር ሲያልፍ ከቤታቸው ሳሙና ይዘው ይመጡ ነበር። ጽሑፉን ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩትም ስለ እነርሱ ነው፤ ጸሐፊው የእንዲህ ዓይነት ሴቶችን ድካም ሊሸፈን ለማይገባው ነገር መሸፈኛ አድርገውታል። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው ማሳደጊያን የሐዋርያት ሥርዓት ለማድረግ የጠቀሱት የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 27ን ነው። ጥቅሱን እንደገና ቢያዩት መልካም ነው። ሐዋርያው ወላጆች የሌሏቸውን ልጆችና ባልቴቶችን በመከራቸው ጠይቁ ይላል። ልጁንና ባሏ የሞተባትን እናት በአንድ ትንፋሽ ጠራቸው፤ ልጁን ከባልቴቷ ነጥላችሁ ግንብ ውስጥ አኑሩት የሚል ቃል የለበትም። በቤተ ክርስቲያናችን ከሥርዓት መጻሕፍት የሚቆጠረው ዲድስቅልያ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነው። ከክርስቲያን ወገን የሆነ ልጅ ወላጅ አልባ ሲሆን ልጅ የሌለው ወንድም ወስዶ እንደ ልጁ ያሳድገው ይላል። የታዘዘው ቤተሰብ ነው።

ቅዱስ ባስልዮስ በ370 አካባቢ በቂሣርያ ለድሆች፣ ለሕሙማንና ለመንገደኞች ትልቅ መጠለያ እንደሠራ ጸሐፊው በኩራት ያነሣሉ፤ እኔም እኮራበታለሁ። ግን ያው ባስልዮስ ለገዳማውያን በጻፈው ሥርዓት ስለ ልጆች አቀባበል ያለውን አላነሡትም። ወላጅ ያለው ልጅ ወደ ማኅበሩ ሲመጣ በብዙ ምስክሮች ፊት ይቀበሉት ይላል፤ ሰው የሚያማበት ምክንያት እንዳያገኝ። ከ1,600 ዓመት በፊት አንድ ቅዱስ የሕፃን ርክክብ በዝግ በር እንዳይሆን አዘዘ ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

መቶና ሁለት መቶ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድግበት ቤት የመጣው ከከተሞች ማደግ ጋር ነው። በፍሎረንስ በ1445 የተከፈተው የኢኖቼንቲ ቤት ወጪውን የሸፈነው የሐር ነጋዴዎች ማኅበር ነበር፤ በፓሪስ ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል የተጣሉ ሕፃናትን መሰብሰብ የጀመረው በ1638 ነው። ለችግር የተገኘ መፍትሔ ነበር፤ የቻለውን ያህል ረድቷል። በእኛ አገርም ማሳደጊያ የሚባል ከመምጣቱ በፊት እናት አባቱ የሞቱበትን ልጅ አያት፣ አክስት ወይም የክርስትና እናት ትወስደው ነበር፤ ኦሮሞ በጉዲፈቻ የራሱ ያደርገዋል። ማሳደጊያን ቅዱስ ሥርዓት ካደረግነው በኋላ ግን መመርመር ድፍረት ይመስላል፤ የጸሐፊው ክርክር ሁሉ የቆመውም እዚህ ላይ ነው።

«የጥቂት ብልሹ ሰዎች ሥራ» ወደሚለው ልሂድ። በአየርላንድ የኢንዱስትሪ ትምህርት ቤቶች የሚባሉት በ1868 በወጣ ሕግ የተቋቋሙ ናቸው። ስማቸው ትምህርት ቤት ይሁን እንጂ ልጅ የሚገባባቸው በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር፤ ብዙዎቹም የገቡት ወንጀል ሠርተው ሳይሆን ቤታቸው ድሃ ስለሆነ ወይም ተገቢ አሳዳጊ የላቸውም ስለተባለ ነው። የሚያስተዳድሯቸው የካቶሊክ ማኅበራት ነበሩ፤ ለወንዶቹ በአብዛኛው ክርስቲያን ብራዘርስ፣ ለሴቶቹ ሲስተርስ ኦፍ መርሲ። መንግሥትም በልጅ ቁጥር እየቆጠረ ይከፍል ነበር።

በመጨረሻ በዳኛ ሾን ራያን የተመራው የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ በግንቦት 2009 አምስት ቅጽ ሪፖርት አወጣ። ከ1,000 በላይ ሰዎች ከ200 በሚበልጡ ተቋማት በልጅነታቸው የደረሰባቸውን ተናግረዋል። የኮሚሽኑ መደምደሚያ ድብደባና ቸልተኝነት የተቋማቱ የዕለት ተዕለት ባሕርይ እንደነበሩ፣ በወንዶቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወሲባዊ ጥቃት ሥር የሰደደ እንደነበር ነው። ልጆቹ ይራቡ ነበር። ምን ጊዜ እንደሚመቱ አያውቁም ነበርና ሁልጊዜ ይፈሩ ነበር።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አንድ መነኩሴ ልጅ ላይ ጥቃት ማድረሱ ሲታወቅ የሚወሰደው እርምጃ ብዙ ጊዜ ዝውውር ነበር። ልጆች ወዳሉበት ሌላ ቤት ይላካል፤ እዚያም ይደግመዋል። ማኅበራቱ ራሳቸው በማኅደር ያስቀመጧቸው ደብዳቤዎች ኃላፊዎቹ ያውቁ እንደነበር አሳይተዋል። አሁን ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ሰው ለማዛወር ስንት እጅ ያስፈልጋል የሚለውን ነው። ልጁን የሰማው አለ፤ ለበላይ የጻፈው አለ፤ ውሳኔውን የፈረመው አለ፤ ሰውየውን ተቀብሎ ክፍል የሰጠው አለ። የትምህርት ሚኒስቴር ተቆጣጣሪም ነበረ፤ ኮሚሽኑ እንዳለው ሚኒስቴሩ ለማኅበራቱ የነበረው የመንበርከክና የማጎንበስ ጠባይ የቁጥጥር ግዴታውን እንዳይወጣ አድርጎታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ «ጥቂት ሰዎች» አይባልም። አሠራር ነው የሚባለው። ከበዳዩ ጋር ሌሎቹም እጃቸውን አስገብተዋል፤ አንዳንዱ ብዕሩን ብቻ።

ጸሐፊው «ያልተነካ ግልግል ያውቃል» የሚለውን ተረት ቢያስታውሱ እወዳለሁ። «ጥቂት» የምትለዋ ቃል ለተመታው ልጅ ምንም አትለውም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ «በዘመኑ ሚዛን መመዘን አለባቸው፤ ያኔ የሚያውቅ አልነበረም» የሚለው፣ ከሁሉም የተስፋፋው መከራከሪያ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ዘመኑን ራሱን ምስክር አድርጌ እጠራለሁ።

በ1946 አባ ኤድዋርድ ፍላናጋን የተባሉ ካህን ወደ አየርላንድ መጡ። ትውልዳቸው እዚያው አየርላንድ ነው፤ በአሜሪካ ነብራስካ ከ1917 ጀምሮ ቦይስ ታውን የተባለውን የታወቀ የልጆች መንደር ያቋቋሙ ናቸው። የትውልድ አገራቸውን ቤቶች ካዩ በኋላ በኮርክ ከተማ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተናገሩ። ልጆቻችሁ ወደ እነዚህ የቅጣት ተቋማት እንዲገቡ የምትፈቅዱት እናንተ ናችሁ፣ ልታስቆሙትም ትችላላችሁ አሏቸው። የፍትሕ ሚኒስትሩ በፓርላማ ንግግራቸውን አጣጣሉት። ካህን፣ የአገሩ ልጅ፣ ልጆች በማሳደግ ዓለም ያወቃቸው ሰው በ1946 ተናግረው ሳለ በ2009 ሪፖርት ሲወጣ «ያኔ የሚያውቅ አልነበረም» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ምስክር ሐኪም ነው። ያላገቡ እናቶች ተደብቀው የሚወልዱባቸው የእናትና ሕፃን ቤቶች የሚባሉ ነበሩ፤ አንዱ በኮርክ የነበረው ቤስቦሮ ነው። በ1943 እዚያ ከተወለዱትና ከገቡት ሕፃናት ከመቶ 75ቱ ሞተዋል። የአገሪቱ ዋና የጤና አማካሪ የነበሩት ዶክተር ጄምስ ዲኒ ቤቱን ሊያዩ ሄዱ። ሲገቡ ሁሉ ነገር ንጹሕ፣ የተወለወለ ነው። ከዚያ ሕፃናቱን አስፈቱና ሽንት ጨርቃቸውን አዩ፤ ተቅማጥ ጨርሷቸዋል። ቤቱን ለጊዜው ዘጉት፤ የቤቱን ኃላፊና ሐኪሙን አስነሡ፤ ከዚያ በኋላ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ቀነሰ። ያዳናቸው አዲስ መድኃኒት አልነበረም። አንድ ሰው ጨርቁን ገልጦ ማየቱ ነው። እነዚህን ቤቶች መርምሮ በ2021 ሪፖርቱን ያወጣው ሌላ ኮሚሽንም በእነዚህ ቤቶች የሕፃናት ሞት ከፍተኛ እንደነበር የአካባቢም የማዕከልም ባለሥልጣናት ያውቁ እንደነበር፣ በታተሙ የመንግሥት ሰነዶችም ሰፍሮ እንደነበር መዝግቧል። በ18 ተቋማት በ1922 እና በ1998 መካከል ወደ 57,000 ሕፃናት አልፈዋል፤ 9,000 ያህሉ ሞተዋል።

ሦስተኛው ምስክር ከእኛው አገር ልጆች ታሪክ ነው፤ ሳስበው ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ለባርነት ወደ ዐረብ ወደቦች ይወሰዱ የነበሩ 204 ኦሮሞዎችን ከጀልባዎች አስጣለች። አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ዛሬ በየመን ወዳለችው የኤደን ወደብ ተወሰዱ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹን በሼክ ኦትማን የነበረው የስኮትላንድ ነጻ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ተረከባቸው። የኤደን አየር ስላልተስማማቸውና በሽታ ስለጎዳቸው 64ቱ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ።

ሚሲዮናውያኑ ከዚያ በፊት ያደረጉት ነገር ነው ቁም ነገሩ። ኦሮምኛ በሚያውቁ ሰዎች እያስተረጎሙ እያንዳንዱን ልጅ ቁጭ አድርገው ጠየቁት። ስምህ ማን ነው? የአባትህ፣ የእናትህ ስም? ወንድም እኅት አለህ? አገርህ የት ነው? መሬትና ከብት ነበራችሁ? ማን ነጠቀህ? ስንት ሰው እጅ ገባህ? የሰጡትን መልስ ጻፉ። ያ ጽሑፍ ዛሬም አለ፤ በልጅነታቸው ከቀያቸው የተነጠቁ ሰዎች ጉዟቸውን በገዛ አንደበታቸው ሲናገሩ የምናገኝበት ብርቅ ሰነድ ነው። ልጆቹ አድገው በየሥራቸው ከተበተኑ በኋላም በ1903 ወደ አገራችሁ መመለስ ትፈልጋላችሁ ወይ ተብለው ተጠየቁ፤ በ1909 በምኒልክ ዘመን 17ቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ከቀሩት አንዷ ቢሾ ጃርሳ መምህርት ሆነች፤ የልጇ ልጅ ኔቪል አሌግዛንደር አፓርታይድን ታግሎ አሥር ዓመት ሮበን ደሴት ታስሯል።

ላቭዴልን እንከን የሌለበት ቤት አላደርገውም። ልጆቹ ከአገራቸው ርቀው ሌላ ቅኝ ግዛት ገብተዋል፤ በበሽታ ያለቁ አሉ፤ ሴቶቹን ለቤት ሥራ ማሰልጠን የዘመኑ ልማድ ነበር። ነገር ግን የልጅን ስምና የወላጁን ስም መጻፍ፣ ወደ ወገንህ መመለስ ትወዳለህ ወይ ብሎ መጠየቅ በ1890 የሚታወቅ ነገር ነበር። ያንን ያደረገችውም ቤተ ክርስቲያን ናት። እንግዲህ የዘመኑ ሚዛን ይህ ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ የአየርላንድ ቤቶች ቀልለው ይገኛሉ።

«ቤተ ክርስቲያን ባትኖር ልጆቹ ያልቁ ነበር» የሚለው እውነት አለበት፤ እውነቱን አልክድም። የ2021 ኮሚሽን ራሱ ቤተሰብ ፊት በነሣበት ጊዜ እነዚህ ቤቶች መጠጊያ ነበሩ፣ አንዳንዶቹ ጨካኝ መጠጊያ ቢሆኑም፣ ብሏል። ያረገዘችውን ልጁን በሌሊት ከቤት ያስወጣ አባት፣ የካደ ወንድ፣ ያማ ጎረቤት ሁሉ በነገሩ ውስጥ አሉበት። መንግሥት ብቻውን ቢይዛቸው ይሻል ነበር አልልም። በሩማንያ ማሳደጊያዎቹ የመንግሥት ነበሩ። በ2000 በቡካሬስት የተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ወስዶ ግማሾቹን በአሳዳጊ ቤተሰብ ሲያኖር፣ ወደ ቤተሰብ የሄዱት በአእምሮም በስሜትም የተሻለ እድገት አሳይተዋል፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት።

ይህን እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። በምሠራበት ቤት አንዲት ሞግዚት አሥራ ሁለት ጨቅላ ትይዝ ነበር። እንግዶች ሲመጡ የጨቅሎቹን ክፍል እናስጎበኛቸዋለን፤ «እንዴት ጨዋ ልጆች ናቸው! አያለቅሱም እኮ» ይሉናል። ማልቀስ ያቆሙት አልቅሰው ማንም ስላልመጣላቸው ነው። ከፍ ያሉት ደግሞ አይተውት የማያውቁት እንግዳ እግር ላይ ይጠመጠማሉ፤ እንግዳው «ፍቅራቸው!» እያለ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔ ይህን መጀመሪያ ጊዜ እንደ መልካም ነገር በሪፖርት ጽፌዋለሁ። እናት ያለው የሁለት ዓመት ልጅ ከእንግዳ ይሸሻል፤ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ይገባል። ይህን የተረዳሁት የራሴ ልጅ ከተወለደ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ቤተ ክርስቲያን ወይስ ጎዳና» አልነበረም። ሌላ መንገድ ነበረ፤ ገንዘቡን ለእናትየው መስጠት። የአየርላንድ መንግሥት ልጁ ማሳደጊያ ሲገባ በነፍስ ወከፍ ለማኅበሩ ይከፍላል፤ ልጁ እናቱ ዘንድ ሲሆን ግን ላላገባች እናት የሚሰጥ ድጎማ እስከ 1973 አልነበረም። ድጎማው ከመጣ በኋላ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው መኖር ቻሉ። ክፍያው በልጅ ቁጥር ሲሆን ደግሞ ባዶ አልጋ ኪሳራ ነው፤ ልጁን ወደ ቤቱ የመመለስ ፍላጎት ይቀዘቅዛል። ለዚህ ክፋት አያስፈልግም፤ በጀት ይበቃል። ዛሬም በዓለም ዙሪያ በማሳደጊያ ከሚኖሩ አምስት ልጆች ቢያንስ አራቱ ከወላጆቻቸው አንዱ በሕይወት አላቸው ሲል ሴቭ ዘ ችልድረን በ2009 አስታውቋል። ስለዚህ «ወላጅ አልባ» የምንለውን ቃል ጠጋ ብለን ማየት አለብን፤ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ የሌለው ወላጅ ሳይሆን የወላጁ ገቢ ነው።

«ከሳሾቹ የእምነት ጠላቶች ናቸው» በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። አባ ፍላናጋን ካህን ናቸው። ክርስቲያን ብራዘርስ በ1998 ይቅርታ ጠይቀዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ በመጋቢት 2010 ለአየርላንድ ካቶሊኮች ደብዳቤ ጽፈው በደሉን በግልጽ ተናግረዋል፤ ፍራንሲስም በ2018 ደብሊን ላይ በቅዳሴ መካከል ይቅርታ ለምነዋል። እነዚህ ሁሉ የእምነት ጠላቶች ከሆኑ ወዳጅ ማን ሊሆን ነው? ኃጢአትን መናዘዝ የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ራሷ ስትናዘዝ ልንደነግጥ አይገባም።

የቀረው «ለእኛ ምን ያገባናል፣ ያለፈውን መቆፈር ለማን ይበጃል» የሚለው ነው።

በምዕራብ አየርላንድ ቱአም በምትባል ከተማ ከ1925 እስከ 1961 አንድ የእናትና ሕፃን ቤት ነበረ። ሕንጻው የአካባቢው ምክር ቤት ነው፤ የሚያስተዳድሩት ቦን ሴኩር የተባሉ ሲስተሮች ነበሩ። እዚያው ከተማ ያደገች ካትሪን ኮርለስ የተባለች ሴት የቤቱ ልጆች ከእርሷ ጋር አንድ ትምህርት ቤት እንደነበሩ ታስታውሳለች፤ ዘግይተው ይገባሉ፣ ቀድመው ይወጣሉ፣ ከሌላው ጋር አይቀላቀሉም። አንድ ቀን ለአንዷ የቤቱ ልጅ ባዶ የከረሜላ ወረቀት ጠቅልላ ሰጥታ አሞኘቻት። ሰው ሆና፣ ልጆች አሳድጋ፣ ያ ነገር አልወጣላት አለ። የቤቱን ታሪክ ማጥናት ጀመረች። ስንት ልጅ ሞተ ብላ ጠየቀች፤ የሞት ምስክር ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አራት አራት ዩሮ እየከፈለች አወጣች። 796 ሆኑ። የቀብር መዝገብ ግን አልተገኘም። በ2017 የእናትና ሕፃን ቤቶችን የሚመረምረው ኮሚሽን ከመሬት በታች፣ ከቀድሞ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጋር በተያያዘ ክፍልፋይ ውስጥ፣ ብዙ የሕፃናት አጽም መኖሩን አረጋገጠ። በሐምሌ 2025 ቁፋሮው ተጀመረ። ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ወንድሞችና እኅቶች፣ የተገኘው አጽም የማን እንደሆነ እንዲለይላቸው፣ የዘረመል ናሙና እየሰጡ ነው። መቆፈር ለማን ይበጃል ለሚለው የእነርሱ መልስ ይበቃኛል።

ወደ እኛ ልምጣ። በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደዋል፤ ወደ አውሮፓም እንዲሁ በርካታ። በ2018 በአዋጅ ቁጥር 1070 የውጭ ጉዲፈቻ እስኪቆም ድረስ ማሳደጊያዎቻችን፣ በቤተ ክርስቲያን ሥር ያሉትም የሌሉትም፣ የዚህ መንገድ መነሻ ነበሩ። እነዚያ ልጆች አድገዋል። እየመጡ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዱ እኔ ቤት መጣ። የሃያ ዓመት ወጣት ነው፤ ያደገው አውሮፓ ነው፤ አማርኛ አይችልም፣ አስተርጓሚ ይዟል። ከማሳደጊያው ያገኘውን ፋይል ፎቶ ኮፒ አወጣ፤ ሁለት ገጽ ነው። «የእናት ስም፦ አይታወቅም። ሕፃኑ በር ላይ ተጥሎ ተገኘ» ይላል። የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት። የእኔ ነው።

ተጥሎ አልተገኘም። በ1997 ዓ.ም ጳጉሜን ውስጥ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ እናቱ ራሷ አዝላ አመጣችው። ወተቷ ደርቋል፤ ሰው ቤት ሥራ አግኝታለች፣ ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም። ለመስቀል መጥቼ አየዋለሁ፣ ሲሞላልኝ እወስደዋለሁ አለች። ያኔ አለቃዬ የነበረው ሰው «እናት አለው» ብለን ከጻፍን የቀበሌ ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ቃል፣ ስምምነት፣ ብዙ ውጣ ውረድ አለው፤ «ተጥሎ ተገኘ» በል፣ ልጁም ቶሎ ቤተሰብ ያገኛል አለኝ። ጻፍኩት። ባስልዮስ ያዘዘው ምስክር አልነበረም፤ እኔና አለቃዬ ብቻ። ሴትዮዋ ተመልሳ እንደመጣች በኋላ ዘበኛው ነገረኝ፤ ያን ቀን እኔ መስክ ነበርኩ።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። አስተርጓሚው ሁለት ጊዜ ቆመ። ልጁ አልጮኸብኝም። ስሟን ብቻ ጠየቀኝ። ነግራኝ ነበር፤ ግን አልጻፍኩትም፣ ከሃያ ዓመት በኋላም አላስታወስኩትም። ያስታወስኩት ልጁ አንገት ላይ ጥቁር ማተብ እንደነበረና፣ በአርባ ቀኑ ክርስትና ያስነሣሁት እዚህ ከእኛ በላይ ባለው ሚካኤል ነው ማለቷን ነው።

አብረን ሄድን። የደብሩ ጸሐፊ ጉዳዩን ሰምተው ምንም ሳያጉላሉን የ1997 ዓ.ም የክርስትና መዝገብ ከሣጥን አወጡልን። ጠርዙን ውኃ ነክቶታል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል፤ የክርስትና ስም፣ የእናት ስም፣ የክርስትና አባት ስም፣ ሰፈር። በሐምሌና በነሐሴ የተጠመቁት ወንዶች 31 ናቸው። ሁሉንም ገለበጥናቸው። ልጁ ቪዛው አልቆ ተመልሷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ በየሰፈሩ እጠይቃለሁ። እስካሁን አሥራ ዘጠኙን አግኝቻቸዋለሁ።